ስልኳን ከመክፈቷ በፊት

ሹፌር ብዙ ያያል ይባላል፤ ውሸት ነው። ሹፌር የሚያየው መንገዱን ነው። ከኋላው የተቀመጠውን ሰው የሚያየው በስፖኪዮዋ ቁራጭ መስታወት ብቻ ስለሆነ ግንባር ያያል፣ ዓይን ያያል፣ ከዚያ ሰውየው ይወርድና ይረሳል። ስንቱን ቱሪስት ጭኜ ስንቱን እንደረሳሁ እግዚአብሔር ይወቀው። ያችን ቱርካዊት ልጅ ግን አልረሳኋትም፤ እናንተም ታሪኩን ስትጨርሱ ለምን እንዳልረሳኋት ይገባችኋል ብዬ አስባለሁ።

አስቀድሜ ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ኮተቤ አካባቢ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ የምኖር፣ ሚስት የሌለኝ፣ ጓደኞቼ “ጋሻው እኮ መኪናዋን አግብቷል” እያሉ የሚቀልዱብኝ የአስጎብኚ ድርጅት ሹፌር ነበርኩ። የተወለድኩት መንዝ፣ ሞላሌ ነው። እናቴ የሞተች ቀን ወደ ሰሜን እንግዶች ይዤ እየሄድኩ ነበር። አንድ የአጎቴ ልጅ በስልክ፣ “ጋሻው፣ እናትህ አርፋለች፤ በርታ” አለኝና ዘጋ። መኪናዋን ዳር አቁሜ ወረድኩ። ጎማውን ጎንበስ ብዬ ማየት ጀመርኩ። እንግዶቹ በመስኮት ብቅ ብለው ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ “ጎማው ነው” አልኳቸው። ጎማው ምንም አልሆነም ነበር። ተመልሼ ገባሁና መንዳቴን ቀጠልኩ።

ሞላሌ የደረስኩት ከቀብሩ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ እያለቀሰ ሲቀበለኝ እኔ አንዲት ጠብታ አልወጣኝም። የሚያየኝ ሰው ዓይን ከበደኝ። ከዚያ ወዲህ ወደ ሞላሌ ዞር ብዬ አላየሁም፤ በዚያ በኩል የሚያልፍ ሥራ ሲመጣ እንኳ ለሌላ ሹፌር እሰጥ ነበር።

ያችን ቱርካዊት፣ ኤሊፍን፣ የላከችብኝ ሄለን የምትባል፣ አዲስ አበባ በተደረገ የቴኒስ ውድድር የእንግዶችን ጉዳይ የምትከታተል ልጅ ናት። “አንዲት ቱርካዊት ተጫዋች አለች። በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸንፋለች። የሚቀጥለው ውድድሯ እስኪደርስ ስልክ የማይሠራበት ቦታ ውሰዱኝ ትላለች” አለችኝ።

“ስልክ የማይሠራበት ከሆነማ የእኔ አገር ነዋ” አልኳት። ለቀልድ ነበር። አፌ ያመጣውን እግሬ ከፈለው፤ በማግስቱ በሞላሌ የሚያልፈውን የጓሳን መንገድ ይዤ ተገኘሁ።

ገና ሃያዎቹን የጀመረች ልጅ ናት። የራኬቶቿ ቦርሳ ከእሷ ይገዝፋል። ደብረ ብርሃንን አልፈን ጣርማበር ጉም ውስጥ ገባን። ሞላሌ ስንደርስ መስኮቱን ዘግቼ፣ ግራ ቀኝ ሳላይ፣ ገበያውን አለፍኩት። እሷ ግን በመስኮት ታይ ነበርና “ይህን ከተማ ታውቀዋለህ?” አለችኝ።

“አላውቀውም” አልኳት።

ጓሳ ስንደርስ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሳሩ ላይ ተቀምጠው እርስ በርስ ይተካከካሉ። ቆማ ብዙ አየቻቸው። “ብቻውን የሚቀመጥ የለም?” ብላ ጠየቀችኝ። “ካለ የታመመ ነው” አልኳት። እሱን ነገር ባልናገረው ደስ ይለኝ ነበር፤ ፊቷ ጭፍግግ አለ።

ማምሻውን ብርዱ ሲበረታ እሳት ዳር ተቀመጥንና በምንችላት እንግሊዝኛ ማውራት ጀመርን። የሷም ከእኔ ብዙ አይሻልም፤ ለዚህ ይመስለኛል የተግባባነው። ሥራዋ ሲባል የሚያስቀና ነገር መስሎኝ ነበር። በየሳምንቱ ሌላ አገር፣ ሌላ ከተማ፣ ሌላ የሆቴል ክፍል ነው። በቴሌቪዥን የሚታዩት ትልልቆቹ አሠልጣኝና ሐኪም ያስከትላሉ፤ እንደ እሷ ከታች ያለው ግን ሻንጣውን ራሱ ይጎትታል። ያሸነፈ ይቆያል፣ የተሸነፈ በዚያው ምሽት ዕቃውን ሸክፎ ይወጣል።

“ሜዳ ውስጥ ደግሞ ማንም አያናግርህም” አለችኝ። “ተሳሳትኩ ብለህ ዞር ብትል ከኋላህ ያለው አጥር ነው።”

“ታዲያ ማን አስገባሽ?”

“አባቴ።” ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ። “አባቴ እንዳንተ ሹፌር ነው። የአውቶቡስ። በዕረፍት ቀኑ እኔን ወደ ሜዳ ያደርሳል፣ አጥሩን ይዞ ቆሞ ያያል። ስለ ቴኒስ ምንም አያውቅም። ኳስ ስመታ ድምፁን ብቻ ነው የሚሰማው። በድምፁ ደስ ብሎኝ እንደሆነና እንዳልሆነ ያውቃል።”

በሁለቱ መካከል አንድ ሕግ አለ። ከተሸነፈች ስልኳን ትዘጋለች፤ አባትየውም አይፈልጋትም። ኳስ መምታት እንደገና ደስ ያላት ቀን ትከፍትና ትደውልለታለች። ያሸነፈችም ጊዜ እንኳ “አሸነፍሽ?” ብሎ አይጠይቃትም፤ “ኳሱ እንዴት ነው?” ነው የሚላት።

“አሁንስ?” አልኳት።

“ገና ነው” አለች። “አሁን ራኬቱን ሳየው ያቅለሸልሸኛል። ብተወው ብዬ አስባለሁ። ለአባቴ እንዴት እንደምነግረው ግን አላውቅም።”

በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ ተነሳን። ሞላሌን እንደ ትናንቱ ዓይኔን ጨፍኜ ላልፍ ነበር፤ ገበያው ጋ ስንደርስ ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ኔትወርክ አገኘና መንጫጫት ጀመረ። ዳር ያዝኩ። ቀኑ የገበያ ቀን ስላልነበር ሜዳው ባዶ ነው። በአንድ ጎኑ የገበሬዎች ማኅበር የእህል መጋዘን አለ፤ ረጅም፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ። ኤሊፍ ግድግዳውን አየችው።

“ትንሽ ልምታ?” አለችኝ።

ደስ አለኝ። ራኬቷንና ጥቂት ኳሶች ይዛ ወረደች፤ የእጅ ቦርሳዋንና ስልኳን መኪናው ውስጥ ተወች። እኔ ዞር ብዬ ስልኩን አነሳሁ። ሄለን ናት።

“ጋሻው፣ ልጅቷ አጠገብህ ናት?”

“ራቅ ብላ ኳስ እየመታች ነው።”

“ስልኳን ከፍታለች?”

“አልከፈተችም። ምነው?”

“አባቷ ዛሬ ጠዋት ሞቱ። ልባቸው ነው አሉ። ወንድሟ ስልኳ እምቢ ሲለው እኛ ጋ ደወለ። እነሱ ሙስሊሞች ናቸው፣ ቀብር አያቆዩም፤ ለእሷ ሲሉ ግን ለነገ ከሰዓት አድርገውታል። ለዛሬ ማታ በረራ ትኬቷን ቀይሬላታለሁ። እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ከዚያ ካልወጣችሁ አትደርሱም።”

“ማን ይንገራት?”

“አንተ ነሃ። ሌላ ማን አለ እዚያ?”

ስልኩን ዘግቼ ቆምኩ። የኳሱ ድምፅ ከግድግዳው ላይ ጧ፣ ጧ ይላል። የእኛን አገር ሥርዓት ታውቁታላችሁ። መርዶ ሲነገር ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚይዝና የሚደግፍ ተዘጋጅቶ ነው። ለአንድ ሰው፣ በቀትር፣ በመንገድ ዳር፣ በአንድ ሹፌር አፍ መርዶ አይነገርም። እንደዚያ ሲነገር ሰው ምን እንደሚሆን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ጎማ ያያል።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ከገበያው ጀርባ ወዳለው የአክስቴ ቤት ሮጥኩ። እትዬ ወርቄ የእናቴ ታላቅ ናቸው። በራቸው ላይ ተቀምጠው ለባና፣ ለወፍራሙ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የሚሆን የበግ ጠጉር ይፈትሉ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ፤ እንዝርቱን አላቆሙም።

“ማነህ?”

“ጋሻው ነኝ፣ እትዬ።”

“ጋሻውን እኛ ቀብረነው የለም እንዴ?” አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ግባ፤ በር ላይ አትቁም” አሉኝ።

“የምገባበት ጊዜ የለኝም” ብዬ ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው።

“መርዶ በቀትር?” አሉ። “ነውር ነው። ይደር፣ ነገ በማለዳ እናርዳት።”

“ካደረች ቀብሩ ያመልጣታል።”

“እንዲያ ከሆነ ታሟል በላትና ይዘሃት ሂድ። ሐኪም ቤት ገብቷል በላት። አገሯ ስትገባ የገዛ ዘመዶቿ ያርዷት።”

እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነበር። “ታሟል ስላት ስልኳን ከፍታ ትደውላለች፣ እትዬ። ባትደውልም አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ትከፍተዋለች። ስልኩ ያረዳታል። ብቻዋን፣ ሰው መሃል ቆማ።”

እንዝርቱ ቆመ። አክስቴ ቀና ብለው አዩኝ።

“እንዳንተ” አሉ።

ጠጉሩን ከጭናቸው ላይ አራግፈው ተነሱ። “ሂድና ኳሷን ትምታ። ስልኳን እንዳትነካ። እኔ ለጋሽ ተክሌ ልንገርና ሴቶቹን ልጥራ። ለቅሶው ከእኛ ቀድሞ እንዳይሰማት ጸጥ ብለን ነው የምንመጣው።” ጋሽ ተክሌ የዕድሩ ዳኛ ናቸው፤ በዚያ ሠፈር ያለ እሳቸው መርዶ አይነገርም።

ተመለስኩ። ኤሊፍ እየተበሳጨች ነበር። ኳሱ ይዛነፋል፣ ራሷን በቱርክኛ ትሰድባለች። እኔ የሸሸውን ኳስ እያመጣሁ እወረውርላታለሁ፤ ዓይኔ ግን ከአክስቴ ቤት በሚመጣው መንገድ ላይ ነው። ማንም የለም።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ነገር ተለወጠ። ድምፁ ነው የተለወጠው። ቅድም ጧ ይል የነበረው አሁን ጥርት ያለ፣ ሙሉ ድምፅ ሆነ። እኔ ስለ ቴኒስ የማውቀው ነገር የለም፤ ያን ጊዜ ግን አባትየው አጥሩን ይዘው የሚሰሙት ምን እንደነበር ገባኝ። ትከሻዋ ላላ። ግድግዳው የሰጣትን ሁሉ እየተቀበለች መለሰች። ፈገግ አለች። ሕይወቴን ሙሉ የሰው ፈገግታ እንደዚያ አስፈርቶኝ አያውቅም።

“መጣልኝ” አለች ኳሱን በእጇ ይዛ፤ ግንባሯ በላብ ወዝቷል። “ጋሻው፣ መጣልኝ። በሩን ክፈትልኝ፣ ለአባቴ ልደውል።”

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ እጄም ቁልፉ ላይ ነው። “አንድ ጊዜ” አልኳት። “እኔ ልሞክር እስቲ።”

“አንተ?”

ራኬቱን ሰጠችኝ። የመጀመሪያውን ሳትኩት። ሁለተኛውን መታሁትና ከመጋዘኑ ጣሪያ በላይ አለፈ። ሦስተኛው ተመልሶ ሆዴን መታኝ። ልጅቷ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ድምፅ አውጥታ፣ ከልቧ። እኔ ጅል ሆኜ እያሳቅኳት በውስጤ “እባክዎ እትዬ፣ ቶሎ ይበሉ” እላለሁ።

ያኔ መጡ። ከመጋዘኑ ጥግ ጋሽ ተክሌ ከፊት፣ አክስቴና የሠፈሩ ሴቶች ከኋላ። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም ድምፅ አያሰማም፤ የጫማቸው ኮቴ ብቻ ይሰማል። ኤሊፍ ዞር አለችና ያን ሁሉ ነጭ ልብስ ለባሽ አየች። ሳቋ ገና ከፊቷ አልጠፋም።

“ሠርግ ነው?” አለችኝ።

አልመለስኩላትም። አክስቴ ግራ ጎኗን ያዙ፣ አንዲት ጠንካራ ሴት ቀኟን ያዘች። ጋሽ ተክሌ ኮፍያቸውን አውልቀው እንደ ሥርዓቱ ከሩቅ ጀመሩ። “ልጄ፣ የሰው ልጅ እንግዳ ነው። ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። አብርሃምም አልፏል፣ ይስሐቅም አልፏል…” አሉ።

“ምን እያሉ ነው?” አለችኝ። አሁን ሳቁ የለም።

እኔ የማውቀው እንግሊዝኛ የጭላዳና የቤተ ክርስቲያን ነው። “ሞተ” የሚለውን ቃል የምጠቀመው ለነገሥታት ነበር፤ እገሌ እዚህ ነገሠ፣ እገሌ እዚህ ሞተ እያልኩ፣ ልክ እንደ ዋጋ ስጠራው ኖሬያለሁ። ያን ቀን አፌ ውስጥ አልዞር አለኝ።

“አባትሽ” አልኳት። “አባትሽ… ዛሬ ጠዋት።”

ከዚያ በላይ አልወጣኝም። አላስፈለገምም።

አላለቀሰችም። እጇን ዘርግታ “ስልኬን ስጠኝ” አለች። ቁልፉን ሰጠኋት፤ ግን መኪናዋ ዘንድ አልደረሰችም። ሁለት እርምጃ ሄዳ ልትወድቅ ስትል ሴቶቹ መሬት ሳትነካ ያዟት። ለዚህ ነው የመጡት። መሬቱ ላይ አብረዋት ተቀመጡ፣ አክስቴ ጭንቅላቷን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

“የአባቷ ስም ማነው?” አሉኝ እትዬ ወርቄ ቀና ብለው።

ጠየቅኳት። “ዩሱፍ” አለች።

“ሥራቸውስ?”

“ሹፌር” አልኩ እኔ።

ከሴቶቹ አንዷ፣ ዩሱፍ የተባለ ሰው በዓለም ላይ መኖሩን ያን ቀን የሰማች ሴት፣ ዓይኗን ጨፍና ድምፅ አወጣች፦

“መሪውን ጨብጦ ስንቱን ዳገት ወጣ፣
ዛሬ ምን ነክቶት ነው ሊቀበልሽ ያልመጣ።”

ሁሉም ተቀበሏት። የሌላ አገር ቋንቋ ቢሆንም ልጅቷ ሰማችው፤ ከውስጧ የሆነ ነገር ተቀደደና ጮኸች። ያች ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለች። እኔ ደግሞ የመኪናዋን ኮፈን ተደግፌ ቆሜ እንባዬ መጣ። ስለ ዩሱፍ አልነበረም። እናቴ ስመጣ እዚያው ገበያ ዳር ቆማ ነበር የምትቀበለኝ። ሳልመጣ የቀረሁበትን ጊዜ ሁሉ በአንድ ቀን አለቀስኩት። ጋሽ ተክሌ ትከሻዬን ይዘው “በርታ” አላሉኝም፤ እንደያዙኝ አብረውኝ ቆሙ።

ሰዓቱ ሲደርስ ልጅቷን ውኃ አጠጥተው ፊቷን አጠቡና ወደ መኪናው አመጧት። አክስቴ አብረው ገቡ።

“እትዬ፣ ወዴት ነው?” አልኳቸው።

“አንተ መሪ ትይዛለህ። እጇን ማን ይይዛል?”

ከደብረ ብርሃን ወዲያ ሄደው የማያውቁ ሴት ናቸው። በሩን በልብሳቸው ላይ ዘግተው ተቀመጡ።

መንገዱን ሁሉ በስፖኪዮ አየኋቸው። ልጅቷ ስልኳን ከፈተች፣ ከወንድሟ ጋር በቱርክኛ አወራች፣ አለቀሰች፣ ዘጋች። አክስቴ በአማርኛ “አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አይዞሽ” ይላሉ። አንዳቸው የሌላቸውን ቋንቋ አያውቁም፤ ሆኖም ሸኖ እስክንደርስ ሲያወሩ ነበር፤ እሷ በሷ፣ እሳቸው በሳቸው።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ዘበኛው ከተጓዥ በቀር አይገባም ብሎ አክስቴን ከለከላቸው። እሳቸው አልተከራከሩም። ነጠላቸውን አወለቁና ልጅቷ ትከሻ ላይ አዘቅዝቀው አለበሷት፤ በሹራብ ብቻ ቀሩ። ኤሊፍ አንገታቸውን አቅፋ ቆየች። እኔን እጄን ጨበጠችኝ። ከዚያ ያን ትልቅ የራኬት ቦርሳ ተሸክማ፣ ነጠላውን ለብሳ፣ ሰው መሃል ገባችና ጠፋች። ነጭ ስለነበር ከሩቅ ይታይ ነበር።

መኪና ማቆሚያው ውስጥ ተቀመጥን። በኋላ እትዬ ወርቄ፣ “ዛሬ ገና እናትህን አለቀስካት” አሉኝ። “እንባ የለውም ያለህ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እኔ ግን አላልኩም። ማን አርድቶህ ልታለቅስ?”

የኮተቤዋ ክፍሌ ውስጥ ሰነበቱ። ቤቴ ውስጥ ያደረ የመጀመሪያው እንግዳ እሳቸው ነበሩ፤ ሁለተኛ ብርጭቆ እንኳ አልነበረኝም። ሄለን ልጅቷ ለቀብሩ መድረሷን በማግስቱ ነገረችን። አክስቴ ተንበርክከው አመሰገኑ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ሞላሌን መስኮት ዘግቼ አላልፍም። መንገዱ እስኪያስቸግር ድረስ በየበዓሉ ሄጃለሁ፤ አሁን መሄድ ባልችል እንኳ እደውላለሁ። እኛ ሥርዓታችንን ያረጀ ነገር እያልን እንንቃለን፤ ለምን ሰው ሰብስቦ መንገር፣ ስልክ አለ አይደል እንላለን። ስልክ አለ። እኔም ስልክ ነበረኝ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ተረት ልጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ቀን በመጋዘኑ ግድግዳ ሥር ነው። ክፉ ወሬ የያዛችሁ እንደሆነ እባካችሁ ስልክ ከማንሳታችሁ በፊት ሰውየው ከማን ጋር እንዳለ ጠይቁ።

ስለ ልጅቷ ብዙ ጊዜ ምንም አልሰማሁም። ትታው ይሆናል ብዬ አስብ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ እንግዳ ስጠብቅ ብቻዬን መኪና ውስጥ ተቀምጬ ሳለ የማላውቀው የውጭ ቁጥር ደወለ። አነሳሁ። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ የኳስ ነው፤ ከሩቅ፣ ጥርት ያለ፣ ሙሉ። ስልኩን ሜዳው ዳር አስቀምጣ ትመታ ነበር።

“ጋሻው” አለች ስልኩን አንስታ። “ኳሱ ዛሬ ደስ አለኝ። ለሰው መንገር ፈልጌ ነው።”

“ይሰማኛል” አልኳት።

ዘጋችው። እኔም ወዲያው ሞላሌ ደወልኩ።

“እትዬ፣ ልጅቷ ደወለች። ኳሱ ደስ ብሏታል።”

“እሰይ” አሉ እትዬ ወርቄ። ከዚያ፣ “አሸነፈች?” አሉኝ።

“አልጠየቅኳትም” አልኳቸው።